ፍልፈልና ቀይ ቀበሮ በሮቤ ካፌ

«እየሰማሁህ ነው» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እየሰማ አይደለም። የሚሰማ ሰው መስማቱን ማወጅ አያስፈልገውም፤ ዓይኑ ይመሰክርለታል። «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» ባዩ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ በአውራ ጣቱ ስክሪኑን ሽቅብ እየገፋ፣ በየመሐሉ «እም... እም...» ይላል። «ለመሆኑ ምን አልኩህ?» ብትሉት የመጨረሻዋን ቃል ይደግምላችኋል። የመጨረሻዋ ቃል ጆሮ ደጃፍ ላይ ትንሽ ትቆያለች። ከእሷ በፊት የተነገረውን ሁሉ ግን ውሃ በልቶታል።

ይህን «እም» ማጥናት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዓይነቱ ብዙ ነው። አጭሩና ፈጣኑ «እም» ቲክቶክ ላይ ካለ ሰው የሚወጣ ነው። ረዘም ያለው «እእእም» ሌላ ሰው የላከለትን ጽሑፍ እያነበበ ካለ ሰው ነው። ከፈገግታ ጋር የሚመጣው «እም» ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም እናንተ የምታወሩት ስለ አክስታችሁ የኩላሊት ሕመም ነው።

ነገሩ አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ባልደነቀኝ። እዚያ ሰው የሚቸኩልበት ጉዳይ አያጣም፤ ቢኖረውም ባይኖረውም ይቸኩላል። የገረመኝ ይኸው ጠባይ ከአዲስ አበባ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በስንዴና በገብስ ማሳ ተከብባ በምትኖረው በባሌ ሮቤ ሥር መስደዱ ነው።

ባሌ እኮ ሰላምታ በአንድ ትንፋሽ የማያልቅበት አገር ነው። ሁለት ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «አከም ቡልቴ? ነጋያ? ፈያ?» ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ ቤቱ ይጠየቃል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል፣ ገብሱ ይጠየቃል። ሁሉም ደህና ነው፤ ሁሉም ሰላም ነው። ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ «እንግዲህ ምን እላለሁ፣ ትናንት ላሚቱ ገደል ገባችብኝ» ይመጣል። ክፉ ወሬ የሚወራው ሰላሙ ተጠይቆ ካለቀ በኋላ ነው፤ ወጉ ነው።

የዛሬው ወጣት ወጉን አሳጥሮታል። «ሰላም ነው?» «ሰላም።» ሁለቱም ስልካቸውን እያዩ ስለሚነጋገሩ፣ የተጠየቀው ሰውየው ይሁን ስልኩ በቅጡ አይለይም።

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎባ የድሮው የባሌ ክፍለ ሀገር መዲና ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ናት። ወንበሩ የተጓዘው እነዚህን 14 ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነው፤ የጎባ ሽማግሌ ታሪኩን ሲያወራው ግን መንገዱ ከዚያ በጣም ይረዝማል።

በዚህች አጭር መንገድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ድሮ ዘመድ ሳያገኝ አይወርድም ነበር። «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። የአባቱን ስም ሲናገር «የትኛው?» ይባላል። የአያቱን ሲጨምር ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ውይ! የእነ እንትና የወንድም ልጅ!» ብለው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጉንጩን ይስሙታል። ሮቤ መውጫ ላይ ባዳ የነበረው ሰው ጎባ መግቢያ ላይ የአክስት ልጅ ሆኖ ይወርዳል።

ዛሬ ሁሉም ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቷል። ከሰው ጋር የሚነጋገረው ረዳቱ ብቻ ነው፤ እሱም «ሒሳብ!» ለማለት ነው። አንዱ መውረጃው ካለፈው በኋላ ባንኖ «ወራጅ! ወራጅ አለ!» ሲል ሁሉም ቀና ይላሉ፣ ለአፍታ ይተያያሉ፣ መልሰው ያቀረቅራሉ። የጉዞዋ ማኅበራዊ ሕይወት ያችው ናት።

«ስልኩ ነው ያበላሸን» የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበላቸውም። ስልኩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ሰዉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የሮቤው ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካሉት ካፌዎች ወደ አንዱ ገብታችሁ አንድ ጠረጴዛ የከበቡ አራት ወጣቶችን ተመልከቱ። አራቱም አቀርቅረዋል። ከሩቅ ላያቸው አንድ በሽታ የያዛቸው ይመስላሉ። ጠጋ ስትሉ ግን አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

አንደኛው ጭንቀታም ነው። ስልኩ ሳይነዝር የነዘረ ይመስለዋል፤ ኪሱን ይዳብሳል፣ ያወጣዋል፣ ምንም የለም፣ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይዳብሳል። ማታ ለላከው መልእክት መልስ አልመጣለትም። መልእክቱ መድረሱን ምልክቱ ይናገራል፤ ታዲያ ለምን አልመለሰችም? ተቀይማ ይሆን? «ደህና እደሪ» ያለው ከነጥቡ ነበር ወይስ ያለ ነጥብ? ነጥብ ቁጣ ይመስላል ብለውታል። ማኪያቶው ቀዝቅዞ አረፋው ወርዷል፤ እሱ ግን ማታ የተለያት ልጅ ዘንድ ነው።

ሁለተኛዋ ጨዋታ ወዳድ ናት። እሷ ያቀረቀረችው ሰው ጠልታ አይደለም፤ ሰው ከመውደዷ የተነሣ ነው። አጠገቧ ያሉት ሦስቱ አይበቋትም። አዳማ ያለችው፣ ሻሸመኔ ያለው፣ ጅዳ የሄደችው፣ የክፍሉ ግሩፕ፣ የሰፈሩ ግሩፕ፣ ግሩፑን ረግጠው የወጡት ሰዎች ያቋቋሙት ግሩፕ፣ ሁሉም ይፈልጓታል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ያሉት አበው አውራ ጣት ስንት ዛፍ ላይ እንደሚወጣ አላዩም።

ሦስተኛው ዓይን አፋር ነው። ስልኩን የሚያየው የሚታይ ነገር ስላለው አይደለም፤ የሰው ዓይን ከዓይኑ ጋር እንዳይገጥምበት ነው። ድሮ እንዲህ ያለው ልጅ ጥፍሩን ያይ ነበር፣ ሣር ይነጭ ነበር፣ የነጠላውን ጥለት ይቆጥር ነበር። አንዳንዴ ልብ ብላችሁ ካያችሁት ስክሪኑ ጠፍቶም ያየዋል።

አራተኛው ጥንቁቅ ነው። ስልኩን ያወጣው የሚቀጥለው ትምህርት የት ክፍል እንደሆነ ለማየት ነበር። አይቶ ጨርሷል። ነገር ግን ቀና ሲል ሦስት አናት ብቻ አየ። ብቻውን ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት ከበደውና ተመልሶ አቀረቀረ።

ይህ አራተኛው ልጅ ብሪታንያ ድረስ ተጠንቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከኬንት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ስልክ እያየ ሌላውን ችላ በማለትና ሌላው እሱን ችላ ሲለው በማየት ነገሩን ቀስ በቀስ እንደ ተራ ወግ እንደሚቆጥረው ጽፈዋል። አንዱ ሲያቀረቅር ሌላው ያቀረቅራል፤ ሁሉም ሲያቀረቅሩ ነውርነቱ ይቀራል። ለጠባዩ ስም የወጣለት በ2012 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ነው፤ «ፈቢንግ» አሉት። ስሙን ያሰራጩት አንድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅና አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሆነው ነው። ዓይናችሁን ከስልኩ አንሡ ብለው የቀሰቀሱት የማስታወቂያ ሰዎች መሆናቸውን ስሰማ፣ ለቀበሮ የበግ ጠባቂነት ማዕረግ የተሰጠ መስሎኝ ነበር።

የሥነ ልቦና ሰዎች የሰውን ጠባይ በአምስት ትልልቅ መስመሮች ይመዝኑታል፤ ጭንቀታምነት፣ ተግባቢነት፣ ጥንቁቅነት፣ ደግነትና ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን። ጥናቶቹ በአብዛኛው የሚስማሙበት ነገር ጭንቀታም ሰው ስልኩን አብዝቶ እንደሚነካና ጥንቁቅ ሰው ደግሞ እንደሚቆጠብ ነው። ለዚህ ጥናት ያስፈልግ ነበር ወይ? የሮቤ እናቶች እኮ ልጃቸውን ገና በሕፃንነቱ «ይሄ ሐሳብ ያበዛል»፣ «ይቺ ነገር አትረሳም» ብለው ለይተው ጨርሰዋል። ልዩነቱ እነሱ ሠንጠረዥ አለመሥራታቸው ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. ብራውንና ራያን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰው አሁን ያለበትን ቅጽበት ምን ያህል ልብ እንደሚል የሚለኩበት 15 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አዘጋጁ። የሰው ስም ገና እንደተነገራችሁ ትረሳላችሁ ወይ? በግዴለሽነት ዕቃ ትሰብራላችሁ፣ ትደፋላችሁ ወይ? ሳታስተውሉት ስትበሉ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ ወይ? የሚሉ ነገሮች አሉበት። ይህን ሳነብ የማውቃት አንዲት የጎባ እናት ትዝ አለችኝ። ልጇ ሲኒ ስትሰብር «ልብሽ የት ነው?» ትላታለች። አሥራ አምስቱንም በአንድ ጥያቄ ጠቅልላ፣ ውጤቱንም እዚያው ትናገራለች።

ሌላም ሙከራ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ፈተና ላይ አስቀመጧቸው። ገሚሶቹ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ደፉት፣ ገሚሶቹ ኪሳቸው ወይም ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ገሚሶቹ ሌላ ክፍል ትተውት ገቡ። ስልኮቹ ሁሉ ድምፃቸው ተዘግቷል። ሆኖም የተሻለ ውጤት ያገኙት ሌላ ክፍል ትተውት የገቡት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሙከራውን የደገሙት ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ሳይንስም እንደ ሰው ቃሉን ያስተካክላል። እኔ ግን ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ የተደፋ ስልክ የተኛ ሆኖ አይታየኝም። ባለቤቱ በንግግራችሁ መሐል በየደቂቃው ሰርቆ ያየዋል፤ እናንተን ግን ፊት ለፊትም አያያችሁም።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን «አይ የዛሬ ልጆች!» ብለው አገጫቸውን ሲይዙ ይታየኛል። ይቅርታ ይደረግልኝና እነሱም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ስልክ የማን ነው? የአንድ የተከበሩ አባት ነው። መዝሙሩ ወይም ነሺዳው ድንኳኑን ይሞላዋል። ጋሼ ኮታቸውን ይከፍታሉ፣ አንዱን ኪስ ይዳብሳሉ፣ ሌላውን ይዳብሳሉ፣ ስልኩ የተገኘው ከውስጥ ሰደርያቸው ኪስ ነው። ከዚያ «ሃሎ! ለቅሶ ላይ ነኝ! ለቅሶ! አዎ፣ ድንኳን ውስጥ!» ይላሉ። የሚጮኹት ደዋዩ ያለው አዳባ ስለሆነ ነው፤ አዳባ ደግሞ ሩቅ ነው።

ለነገሩ ስልክ ከእኛ ጋር የተጣላው ዛሬ አይደለም። በ1886 ዓ.ም. በአገራችን የስልክ ሥራ ሲጀመር፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ሲዘረጋ፣ ካህናቱ ሰው ሳይታይ ድምፁ መሰማቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ምኒልክን እንደተቃወሙ ይነገራል። ያኔ ያስፈራው ድምፁ እየተሰማ ሰውየው አለመታየቱ ነበር። ዛሬ ሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጦ እየታየ ነው ድምፁ የማይሰማው። ካህናቱ ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ምናልባት እነሱም ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ይቀርጹት ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ስምም ያስቀኛል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሮቤ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚጠራው በመደ ወላቡ ነው። መደ ወላቡ የገዳ ሸንጎ ይቀመጥባቸው ከነበሩት ጥንታዊ ቦታዎች አንዷ ናት። ሸንጎ አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ዘግቶ፣ ጆሮውን ከፍቶ ተራውን የሚጠብቅበት ቦታ ነው። አፋሮችም ዳጉ አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፣ የተቀበሉትንም ሳያዛቡ ለሚቀጥለው ያደርሳሉ። ዳጉ ላይ «እም... እም...» ብሎ ያሳለፈ ሰው ለሚቀጥለው መንገደኛ ምን ይነግረዋል? የመጨረሻዋን ቃል ብቻ?

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ሳነቴን ያቋርጣል። ሳነቴ ከ4000 ሜትር በላይ የተዘረጋ አምባ ነው። እዚያው ያለው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ የመገናኛ ማማ ቆሟል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ለሽርሽር የሚወጣው ወጣት በዝቷል፤ ደግ ነው። ከመኪና ይወርዳል፣ ብርዱ ያንዘፈዝፈዋል፣ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ራሱን ያነሣል፣ ሮጦ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ተራራውን ስልኩ ላይ ያየዋል። እዚያው ፓርክ ውስጥ ዲንሾ ላይም እንዲሁ ነው። በአሥር ሳንቲማችን ላይ የታተመው የደጋ አጋዘን በሕይወቱ ከፊቱ ቆሞ ሣር ሲግጥ፣ እሱ ኔትወርኩ ስንት መስመር እንዳለው ያያል።

እኔ ሳነቴ ላይ የማየው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የማይገኝ አንድ ግዙፍ ፍልፈል አለ። ከጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። እስከ ወገቡ ብቅ ይላል፣ ዙሪያውን ያለውን ሣር ነጨት ነጨት ያደርጋል፣ ወደ ኋላው ሸርተት ብሎ ይገባል። የካፌው ወጣት ቁርጥ እሱን ነው። ከስልኩ እስከ ወገቡ ብቅ ይላል፣ ከማኪያቶው ፉት ይላል፣ ከወሬያችሁ አንዲት ቃል ይነጫል፣ «እም» ብሎ ይገባል። ፍልፈሉ ግን ምክንያት አለው፤ ውጭ የሚጠብቀው ቀይ ቀበሮ ነው። ካፌ ውስጥ የምንጠብቀው እኛ ነን።

ቀይ ቀበሮው ደግሞ የማስተዋል መምህር ነው። አዋቂዎቹ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ውስጥ ናቸው። ኦሮሞዎች «ጄዳላ ፈርዳ» ይሉታል። ፍልፈል ሲያድን ብታዩት ጆሮውን አቁሞ፣ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ አንድ እርምጃ ይራመድና ይቆማል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርቆ ይጠብቃል። ነፋሱ ፀጉሩን ያገላብጠዋል፤ እሱ ዓይኑን አይነቅልም። ቀይ ቀበሮ ስልክ ቢኖረው ኖሮ ዘሩ በረሃብ ያልቅ ነበር።

አሁን አሁን ይህን የቀበሮ ጥበብ በገንዘብ መግዛት ተጀምሯል። «ማይንድፉልነስ» ይባላል። ሥሩ ከቡድሃ እምነት ይመዘዛል፤ ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ ለሕመምተኞች የጭንቀት ማስታገሻ ትምህርት አድርጎ ጀመረው። ትምህርቱ መልካም ነው፤ ልብን ሰብስቦ ያሉበት ቦታ መገኘት ነው። ጥናቶችም ልብ የሚል ሰው በስልኩ ሰውን ችላ የማለት ጠባዩ አነስተኛ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። የሚያስቀው በአፕ መምጣቱ ነው። «አሁን ትንፋሽህን ልብ በል» የሚል ማሳሰቢያ ስልኩ ላይ ይደርሰዋል። ትንፋሹን ልብ ለማለት ስልኩን ያነሣል፤ ስልኩን ሲያነሣ አምስት የቴሌግራም መልእክት ያገኛል፤ ትንፋሹ ይቆየው።

እኛ ዘንድ ይህ ትምህርት ከተከፈተ ስንት ዘመኑ ነው! ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ፣ ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ፣ እንዲያስተውሉ በየመሐሉ ያሳስባል፤ የሰው ልብ እንደሚባዝን ከጥንት ያውቃል። መስጊድ የሰገደ ሰው ኹሹዕ ካልኖረው፣ ልቡ ከሱቁ ሒሳብ ጋር ከዋለ፣ ጉልበቱን ብቻ እንዳደከመ ይነገረዋል። የጁምዓ ኹጥባ ሲደረግማ የሚያወራውን ሰው «ዝም በል» ማለት ራሱ ከንቱ ንግግር ነው። እስኪ ይህን ከሚጮኽ ስልክ ጋር አስተያዩት።

ቡናውስ? ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ይሸተታል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ ለመቸኮል ምንም ቀዳዳ የለውም። ባሌ ላይ ደግሞ ቡና ቀላ አለ። የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ይጠበሳል፣ አጠገቡ ጩኮ ይቀርባል፣ ሽማግሌው ይመርቃሉ። ምርቃቱ እየወረደ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሜን» ይላል። በሕይወቴ ምርቃት ላይ «እም» ብሎ የመለሰ ሰው አላየሁም። በረከት የሚያልፈው መስሎት ሁሉም ቀና ይላል። ሰው የሚጠቅመው መሆኑን ካመነበት መስማት ይችላል ማለት ነው።

አለመቻል እንዳልሆነ ሌላ ማስረጃ አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናቸውን የወሰዱት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው፤ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ከየወረዳው የመጡ ልጆች አንድ ዶርም ውስጥ ያለ ስልክ ያድራሉ። ከዚያ የተመለሱትን ጠይቋቸው። ስለ ፊዚክሱ ፈተና አጭር መልስ ይሰጧችኋል። ስለ ዶርሙ ግን ወሬያቸው አያልቅም፤ ማን እንዳንኮራፋ፣ ማን ሌሊት ተነሥቶ እንዳለቀሰ፣ ማን የመንደሩን ቀልድ ሲያወራ ሁሉ እንደሣቀ ይተርካሉ። እነዚህ የሰሙትን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የሚያስታውሱት፣ ካፌ ውስጥ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ የሚደግሙት ልጆች ናቸው።

ስልክን ግን እርግማን ብቻ አድርጌ ብጽፈው ግፍ ይሆንብኛል። ያቺው «ልብሽ የት ነው?» ባይ የጎባ እናት ሌላ ልጅ አላት፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ ቡና ሲፈላ እናትየዋ ስልኳን ከስኳሩ ዕቃ ጋር አስደግፋ ረከቦቱ ላይ ታቆመዋለች፣ ኢሞ ትከፍታለች፣ ልጅቱ ከዚያ ማዶ ሆና አቦሉ ሲቀዳ ታያለች። እናትየዋ ልጇን ስታይ ዓይኗን አትነቅልም፤ ጎረቤት ገብቶ ሰላም ቢላትም አትሰማም። ይህንንም ስልክ ማየት ካላችሁት በሉት። እኔ ልጅ ማየት እለዋለሁ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? የእሷ ልብ ያለው ዓይኗ ካለበት ነው። የካፌው ልጅ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ ሥጋው ወንበሩ ላይ፣ ልቡ ደግሞ ከሁለቱም ጋር የለም፤ ያየውን ቪዲዮ ምን እንደነበረ ብትጠይቁት የመጨረሻውን ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

እንግዲህ ምን ይሁን ትሉኝ ይሆናል። ስልካችሁን ጣሉ አልልም፤ ቻርጀር እየተዋሰ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ምክር አይሰጥም። መጀመሪያ ጠባያችሁን እወቁ። ጭንቀታም ከሆናችሁ መልሱ ስልኩን ስላፈጠጣችሁበት ፈጥኖ አይመጣም። ጨዋታ ወዳድ ከሆናችሁ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴትዮ አስቡ፤ ሦስቱ ብብታችሁ ሥር ናቸው። ዓይን አፋር ከሆናችሁ አጠገባችሁ ያለውም ልክ እንደ እናንተ አፍሮ ነው ያቀረቀረው። ጥንቁቅ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ ቀና የምትሉት እናንተ ሁኑ፤ ማቀርቀር የሚጋባ ከሆነ ቀና ማለትም ይጋባል።

ጋሼዎችና እማማዎችም ምክራችሁን ከመጀመራችሁ በፊት እባካችሁ የስልካችሁን ድምፅ ዝጉ፤ ከዚያ እንሰማችኋለን።

ሌላው ሁሉ ቢቀር ሰላምታው ተጠይቆ እስኪያልቅና አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ ስልኩ ኪስ ይግባ። ቶናውና በረካው ላይ እንደራደራለን።